እንባ የሚገባቸውና የማይገባቸው፦ ከህንድና ከፈረንጅ ፊልሞች መሀል

የህንድ ፊልም የሚንቅ ሰው ሞልቷል። «ዘፈኑ አያልቅም፣ አክተሩ በአንድ ቡጢ አስር ሰው ያነጥፋል፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠህ መጨረሻው ሠርግ ነው» ይላል። የፈረንጁን የሚንቅም አለ። «ደረቅ ነው፣ ቤተሰብ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ሰው ሲሞትባቸው እንኳ ወግ ያለው ልቅሶ አያውቁም» ይላል። እኔ ሁለቱንም አያለሁ። የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፤ ከሥራ ገብቼ፣ እራት በልቼ፣ ደስ ያለኝን ከፍቼ የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። ግን የራሴ መለኪያ አለኝ። ፊልሙ ሊያስለቅሰኝ ሲመጣ፣ ለዚያ እንባ አስቀድሞ ለፍቷል ወይ? ሰዎቹን በደንብ አስተዋውቆኛል? የሚፈልጉትን ነገር እኔም እንድፈልግላቸው አድርጎኛል? ወይስ ሙዚቃውን ከፍ፣ ዝናቡን ለቀቅ አድርጎ በነጻ ሊወስደው ነው? እንዲህ ሳየው «የህንድ ይሻላል፣ የፈረንጅ ይሻላል» የሚባለው ክርክር ትርጉም ያጣብኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከለፉት ውስጥ የማስቀድመው «ላጋን»ን ነው። በ2001 የወጣ የአሹቶሽ ጎዋሪከር ፊልም ነው፤ አክተሩ አሚር ካን። ርዝመቱ 3 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው፤ ብዙ ሰው ገና ይህን ሲሰማ ይሸሻል። አትሽሹ። ዘመኑ 1893 ነው። ቻምፓነር በምትባል መንደር ዝናብ ጠፍቷል፣ እንግሊዞቹ ግን ግብሩ እጥፍ ይሁን ብለዋል። አንድ እብሪተኛ ካፒቴን ተነስቶ ገበሬዎቹን «በክሪኬት ካሸነፋችሁን የሦስት ዓመት ግብር ይቀርላችኋል፣ ከተሸነፋችሁ ሦስት እጥፍ ትከፍላላችሁ» ይላቸዋል። ገበሬዎቹ ክሪኬት ተጫውተው አያውቁም።

ዘፈን በዛ ለሚሉኝ ሰዎች ሁሌ የማሳያቸው ቦታ እዚህ ፊልም ውስጥ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሰማዩ ይጠቁራል። መንደሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ እናቶቹ፣ ሁሉም አንጋጦ መዝፈን ይጀምራል። ከበሮው እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ ደመናው አንዲት ጠብታ ሳይጥል ያልፋል። ዘፈኑ ይበርዳል፣ እጆች ይወርዳሉ፣ ፊቶቹን አንድ በአንድ ታያላችሁ። በቃ። ድርቅ ምን ማለት እንደሆነ፣ ግብሩ ለምን እንደሚገድላቸው፣ ማንም ቁጭ ብሎ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሙዚቃው የኤ. አር. ራህማን ነው። ያን ዘፈን ቆርጣችሁ ብታወጡት ከፊልሙ አንድ ትልቅ ነገር ይጎድላል፤ ጥሩ የህንድ ዘፈን የሚባለው ለእኔ እንዲህ ያለው ነው።

ካችራ የሚባል ሰውም አለ። «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን ስለሆነ ማንም አይጠጋውም፣ አንድ እጁም ሽባ ነው። ልምምድ ላይ ኳሷ ወደ እሱ ትንከባለላለች፣ የቡድኑ መሪ ቡቫን (አሚር ካን) ወርውርልኝ ይለዋል፣ በዚያ በታመመው እጁ ሲወረውራት መሬት ነክታ ትጠማዘዛለች። ቡቫን ይደነግጣል፤ «ይህ ሰው ቡድናችን ውስጥ ይገባል» ይላል። መንደሩ ያብዳል። እንግሊዝን ለመግጠም የቆረጡት ሰዎች የራሳቸውን ጎረቤት ለመንካት ይጸየፋሉ፤ ፊልሙ ይህን ሳያለባብስ ነው የሚያሳየው። ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ካችራ ላይ የተጣለው ተስፋ ሁሉ ውሃ ይበላዋል፣ ኳሷ አልሽከረከር ትለዋለች። ምክንያቱን አልነግራችሁም። ጨዋታው ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ እና የክሪኬት ሕግ የማያውቅ ሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ አስራ አንዱንም ተጫዋች በስም ያውቃቸዋላ! አንድ ቅሬታ አለኝ። የካፒቴኑ እህት ፍቅር የተጨመረው ያለ ሥራ ነው። ልጅቷ ጨዋታውን ታስተምራቸው፣ ጥሩ። እሷ ቡቫንን እያሰበች የምትዘፍነው ዘፈን ግን ታሪኩን ያዘገያል።

አሁን ደግሞ «ዳንጋል»። በ2016 ወጣ፣ አሚር ካን አሁንም አለ። የሃሪያናው ማሃቪር ሲንግ ፎጋት ሴት ልጆቹን ትግል ያስተማረበት እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ልጁ ጊታ በ2010 ዴሊ ላይ በተካሄደው የኮመንዌልዝ ጨዋታ ወርቅ አገኘች። የመጀመሪያው ግማሽ በጣም አሪፍ ነው። ልጆቹ ንጋት ላይ መሮጡ መሯቸዋል፣ ፀጉራቸው ተቆርጧል፣ አባታቸውን ጠልተውታል። አንድ ቀን የጓደኛቸው ሠርግ ላይ ይጨፍራሉ፣ አባትየው መጥቶ ያዋርዳቸዋል። ከዚያ ሙሽራዋ፣ ገና ልጅ ናት፣ ተሽቀርቅራ ቁጭ እንዳለች «የእናንተ አባት ቢያንስ እንደ ልጅ ያያችኋል» የሚል ነገር ትላቸዋለች። እሷን ለማያውቁት ሰው ሰጥተው ሊገላገሏት ነው። ከዚያች ቅጽበት ወዲህ ፊልሙ ሌላ ፊልም ይሆናል፣ ልጆቹም በራሳቸው ፍላጎት መሮጥ ይጀምራሉ።

መጨረሻው ግን አናደደኝ። የፍጻሜው ግጥሚያ ላይ አባትየውን ክፍል ውስጥ ይቆልፉበታል፣ አሰልጣኙም ክፉና ደደብ ተደርጎ ተስሏል። መቆለፍ የሚባለው ነገር በእውኑ ዓለም አልተደረገም፣ ግጥሚያውንም ጊታ በሰፊ ልዩነት ነው ያሸነፈችው። አንድ መንደር ሙሉ የሳቀባት ልጅ ፍጻሜ ደርሳ ተጋጣሚዋን በቀላሉ ጣለች ብትሉኝ እኔ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። እውነቱ በቂ ነበር። ለምን ቁልፍ ያስፈልጋል? ያን ያህል ለፍቶ ያመጣኝ ፊልም መጨረሻ ላይ አላመነኝም።

«ታሬ ዛሚን ፓር» (2007) ላይም ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ፣ እዚያ ግን ጥሩው ያመዝናል። ኢሻን የሚባል ልጅ ነው፣ ፊደል ይጨፍርበታል፣ ማንበብ አይችልም፣ አባቱ ሰነፍ ነው ብሎ አዳሪ ትምህርት ቤት ይወረውረዋል። ልጁ ደብተር ላይ ሥዕል ሥሏል። ገጾቹን ፈጠን አድርጋችሁ ስትገለብጧቸው ከቤተሰቡ መሀል ልጁ ብቻ ቀስ በቀስ እየራቀ ይሄድና ይጠፋል። ጥቂት ሰከንድ ነው። ሰውነቴ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ በኋላ አስተማሪው አባትየውን ቁጭ አድርጎ ሲሰብከው ቃላቱ ሁሉ ትርፍ ይሆኑብኛል፣ ያቺ ደብተር ጨርሳዋለች። ያም ሆኖ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ፊልም ቢያይ ደስ ይለኛል፣ አስተማሪ የሆነ ሰው ደግሞ የግድ።

«አር አር አር»ን (2022) ብዙ ሰው ቦሊዉድ፣ ማለትም የሙምባይ የሂንዲ ፊልም፣ ይለዋል። አይደለም፤ በቴሉጉ ቋንቋ የተሠራ፣ የኤስ. ኤስ. ራጃሙሊ ፊልም ነው፣ ሠፈሩም ሃይደራባድ ነው። ሁለቱ አክተሮች በእውን የነበሩ፣ ግን ተገናኝተው የማያውቁ የነጻነት ታጋዮችን ይዘው ነው የሚጫወቱት። ነብር ከነ አጋዘኑ ከመኪና ላይ ወደ ቤተ መንግሥት ግብዣ ሲዘል ታያላችሁ። ማጋነን ነው? በደንብ። ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «እኔ የማጋንን ነኝ» ብሎ ስለነገራችሁ አያታልልም። ኦስካር ያገኘው ዘፈን «ናቱ ናቱ» የተቀረጸው ኪየቭ በሚገኘው የዩክሬን ቤተ መንግሥት ፊት ነው፣ ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ወራት በፊት። ጭፈራው ላይ ሁለቱ ጓደኛሞች እግራቸው እኩል ሲመታ ወዳጅነታቸውን ታምናላችሁ። እንግሊዞቹ ግን ካርቱን ናቸው፤ «ላጋን» ላይ ያለው ካፒቴን እንኳ ከእነሱ የተሻለ ሰው ይመስላል።

የህንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ረጅም ነገር አልጽፍም። ዚ አለምን በመሳሰሉ ቻናሎች በአማርኛ የሚመጣውን ቤተሰብ ሁሉ ያየዋል፣ እኔም አልፎ አልፎ አብሬ እቀመጣለሁ። አንዲት ምራት አንድ ነገር ትናገራለች፣ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ካሜራው የአማቷ ፊት ላይ ሦስቴ ይወረወራል፣ ከዚያ የባሏ ፊት፣ ከዚያ የአክስቱ፣ ከዚያ ማስታወቂያ። «ኩምኩም ባግያ» በ2014 ተጀምሮ ከአስር ዓመት በላይ ሄዷል። አቢና ፕራግያ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ ዓመታት ይዘለላሉ፣ እንደገና ይገናኛሉ። በየቀኑ አየር ላይ የሚውል ሥራ ታሪኩን መጨረስ አይችልም፣ ከጨረሰማ ነገ ምን ያሳያል? ስለዚህ ያቺ ምስኪን ሴት ዘላለም ማልቀስ አለባት። አብረውኝ የሚያዩት ሰዎች የሚወዱትን ነገር ግን አያለሁ፤ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ የሚያውቋቸው ሰዎች ቤት መግባት ነው። ያን አልቃወምም።

ህንዶች አጭር ተከታታይ መሥራት አይችሉም ብሎ የሚያስብ ሰው ግን «ዴሊ ክራይም»ን ይይ። የመጀመሪያው ሲዝን በ2019 ወጣ፣ ሰባት ክፍል ነው፣ በ2012 ዴሊ ውስጥ በአንዲት ወጣት ላይ አውቶቡስ ውስጥ የተፈጸመውን ግፍ ፖሊሶች እንዴት እንደመረመሩት ይከተላል። በ2020 ኢንተርናሽናል ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አሸንፏል። ጥቃቱን አያሳይም። አንድም ጊዜ። ሼፋሊ ሻህ የምትጫወታት የፖሊስ አዛዥ ሪፖርቱን ስትሰማ ፊቷን ብቻ ታያላችሁ፣ እና ከዚያ በላይ ማየት አያስፈልጋችሁም። የሌላውን ሰው መከራ ለማየት መብት የለንም ብሎ የወሰነ ሥራ ነው፣ በዚህ አከብረዋለሁ።

ወደ ፈረንጁ ልሂድ። «ቼርኖቤል» (2019) በ1986 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ስለፈነዳው የኑክሌር ጣቢያ የሚተርክ ተከታታይ ነው፣ አምስት ክፍል ብቻ። ያየሁት ሁሉ ተከታታይ እንደሱ ቢያልቅ ብዬ እመኛለሁ። አራተኛው ክፍል ላይ ወታደሮች ጣሪያ ላይ ወጥተው የፈነዳውን ግራፋይት በአካፋ ይጥላሉ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጊዜ 90 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ጨረሩ ይጨርሰዋል። ካሜራው ከአንዱ ልጅ ጀርባ ይወጣና ሰዓቱ እስኪያልቅ አብሮት ይቆያል። ትንፋሹ ጭንብሉ ውስጥ ይሰማል፣ የጨረር መለኪያው ይንጫጫል፣ ይደናቀፋል፣ አካፋው ይከብደዋል። ስሙን እንኳ በቅጡ አናውቀውም፣ ግን እነዚያን 90 ሰከንዶች አብረነው ስለኖርን የእኛ ሰው ይሆናል። ይሄ ነው መልፋት የምለው። ሩሲያውያን በእንግሊዝ ቅላጼ ሲያወሩ መጀመሪያ ይቆረቁራል፣ ከዚያ ይለመዳል። ሴቷ ሳይንቲስት የብዙ ሰዎች ድምር መሆኗንም መጨረሻ ላይ ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ ይሄን ወድጄዋለሁ፤ «ዳንጋል»ም እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ።

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ከ2011 እስከ 2019፣ ስምንት ሲዝን። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ሰው ሲሞት ምክንያት ነበረው፤ ኔድ ስታርክ የሞተው ቅን ስለነበረና ቅንነቱን በተሳሳተ ከተማ ስላመጣው ነው። አንድ ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ለመድረስ ክፍል ይፈጅበት ነበር፣ መንገድ ላይ ታወራላችሁ፣ ትተዋወቃላችሁ። የመጨረሻው ሲዝን ስድስት ክፍል ብቻ ሆነና ሁሉም ሰው ባንዴ የትም መድረስ ጀመረ። ዘንዶ ያላት ንግሥት ዴኔሪስ ከተማ ስታቃጥል ሐሳቡ አልነበረም ችግሩ፣ እንዲያውም ቀስ ብለው ቢያመጡት ከሁሉም የሚያሳዝን ፍጻሜ ይሆን ነበር። ሳይቦካ የተጋገረ እንጀራ ነው የሰጡን። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀ ተመልካች እንዲህ አይሸኝም።

ስለዚህ በ2025 «አዶለሰንስ»ን ሳይ ደስ ብሎኛል፣ ደስ የሚል ታሪክ ባይሆንም። እንግሊዝ አገር የ13 ዓመት ልጅ በግድያ ተጠርጥሮ ንጋት ላይ ከአልጋው ይወሰዳል። አራት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው ሳይቆረጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቀረጻ የተሠራ ነው። ሦስተኛውን ክፍል ለብቻው ቁጭ ብላችሁ እዩት። ልጁና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ሌላ ነገር የለም። ትኩስ ቸኮሌት አምጥታለታለች፣ ከሳንድዊቿም ግማሹን ትሰጠዋለች። እሱ ልጅ ነው፣ ይስቃል፣ ያስቃታል። ከዚያ ባንዴ ይጮሃል፣ ቁመቱ የጨመረ ይመስላል፣ ሴትየዋ መፍራቷን ለመደበቅ ስትታገል ታያላችሁ። ካሜራው ስለማይቆረጥ እናንተም ማምለጫ የላችሁም። ልጁን የሚጫወተው ኦወን ኩፐር ከዚህ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም ነበር። አባትየው ላይ ደግሞ የሚጣበቅ ጥፋት ስታጡ፣ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ወደ ራሳችሁ ቤት የሚመጣው።

ህንዶች ከፈረንጅ ወስደው የሠሩትን ማወዳደርም ደስ ይለኛል። «12 አንግሪ መን» በ1957 የተሠራ፣ 96 ደቂቃ የሚፈጅ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ፊልም ነው። አስራ ሁለት ሰው፣ ሙቀት፣ አንድ ልጅ ይሙት አይሙት የሚል ውሳኔ። በ1986 ባሱ ቻተርጂ ሂንዲ አደረገው፣ «ኤክ ሩካ ሁዋ ፋይስላ» ይባላል። ተዋናዮቹ በጣም ጎበዞች ናቸው፣ ፓንካጅ ካፑርን ብቻ ለማየት እንኳ ይታያል። ግን ህንድ በጁሪ፣ ማለትም ከተራው ሰው በተመረጡ ፈራጆች፣ መፍረድን ቀድሞውኑ ትታዋለች፤ አስራ ሁለቱ ሰዎች እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ያደርጋሉ? ታሪኩን ከነ ልብሱ ነው ያመጡት፣ አገሩን አላለበሱትም።

«ላል ሲንግ ቻዳ» (2022) ተቃራኒው ነው። የ«ፎረስት ጋምፕ» ቅጂ ነው፣ ሲወጣ ብዙ ተወቅሷል፣ ገበያውም አልቀናውም። የአሚር ካን አተዋወን ይበዛል፣ ዓይኑን ሁሌ እንዳፈጠጠ ነው፣ ቶም ሃንክስ በ1994 ያደረገውን ጸጥታ አላገኘውም። ግን ፎረስት ጋምፕ ላይ የሌለ አንድ ትዕይንት አለው። 1984 ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንድራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው ከተገደሉ በኋላ ዴሊ ውስጥ ሲኮች፣ በሃይማኖታቸው ፀጉር የማይቆረጡት፣ እየታደኑ ነው። እናትየው ልጇን ይዛ ትሸሸጋለች፣ መሬት ላይ የወደቀ የመስታወት ስባሪ አንስታ የልጁን ረጅም ፀጉር ትቆርጠዋለች፣ ሲክ መሆኑ እንዳይታወቅ። ፀጉር ለእነሱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያን እጅ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ፊልሙን የሚያጣጥሉ ሰዎች ለዚያ ትዕይንት ሲሉ ደግመው ቢያዩት እላለሁ።

ህንዶች ዝም ማለት አያውቁም የሚለውን አባባል ደግሞ አልቀበልም። «ሾሌይ» ላይ እንኳ፣ በ1975 በተሠራው፣ ጥይትና ፈረስ በሞላበት ፊልም ላይ፣ አሚታብ ባቻን ማታ ማታ ደጅ ተቀምጦ ሃርሞኒካ ይነፋል፣ ባሏ የሞተባት ምራት ደግሞ ፎቁ ላይ መብራቶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። አይነጋገሩም። ከዚያ በላይ የፍቅር ትዕይንት አላየሁም።

እና «ዘ ላንችቦክስ»። በ2013 ወጣ፣ የሪቴሽ ባትራ ፊልም። ሙምባይ ውስጥ ምሳ ከየቤቱ ሰብስበው ለሠራተኛው ቢሮ ድረስ የሚያደርሱ ሰዎች አሉ፣ ዳባዋላ ይባላሉ፣ አይሳሳቱም ተብሎ ይነገርላቸዋል። አንድ ቀን ይሳሳታሉ። ኢላ ለባሏ የሠራችው ምሳ ጡረታ ሊወጣ ለደረሰ ብቸኛ ሰው ይደርሳል፣ ኢርፋን ካን ነው። ሳህኑ ባዶ ተመልሶ ሲመጣ ደስ ይላታል፤ ባሏ እንዳልበላው ስታውቅ በነጋታው ከምሳው ጋር የምስጋና ወረቀት ትልካለች። የሱ የመጀመሪያ መልስ ምግቡ ጨው በዝቶበታል የሚል ነው። ከፎቅ በላይ አንዲት አክስት አለች፣ ፊቷን ፈጽሞ አናይም፣ ድምጿ ብቻ ነው፤ በመስኮት በኩል በገመድ ቅርጫት ታወርዳለች፣ ቅመም ትልካለች፣ ምክር ትሰጣለች። ማታ ኢርፋን በረንዳው ላይ ሲጋራ እያጨሰ ፊት ለፊት ያለ ቤተሰብ እራት ሲበላ ያያል፣ አንዲት ልጅ መስኮቱን ትዘጋበታለች። ዘፈን የለም፣ ቡጢ የለም። የአንድ ሰው ብቸኝነት በምግብ ሽታ ሲፈታ ነው የምታዩት።

ይህን ፊልም በትርጉም አትዩት። በድምፅ ተክተው የሚሠሩ ቻናሎችን አከብራለሁ፣ በተለይ ቃና በ2016 ከጀመረ ወዲህ ሥራው ብዙ ተሻሽሏል። የምለው ያ አንድ ሰው ፊልሙ ላይ የሚያወራበትን ትርጉም ነው። ተርጓሚው ዝምታ ሲመጣ ይጨንቀዋል፣ ቀልድ ይጨምራል፣ ያልተባለ ነገር ይላል። ለድብድብ ፊልም ይሁን፣ አይጎዳም። ኢርፋን ካን የምሳ ዕቃውን ከፍቶ ሲያሸት ግን ማንም እንዲያወራብኝ አልፈልግም። በጽሑፍ ትርጉም እዩት።

መጨረሻው ክፍት ነው፣ ተገናኙ አልተገናኙም አይነግሩንም። ጓደኞቼ በዚህ ተናደዋል፤ እኔ ተገናኝተዋል ባይ ነኝ፣ ባቡሩ ውስጥ ዳባዋላዎቹ ሲዘምሩ የኢርፋን ፊት ላይ ያለውን ተመልከቱ። እንዲህ ያለ መጨረሻ የሚወድ ሰው ቀጥሎ «አንዳዱን»ን (2018) ይክፈት። ፒያኖ ተጫዋቹ ያያል ወይስ አያይም? የመጨረሻዋን ደቂቃ፣ መንገድ ላይ ያለችውን ቆርቆሮ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። እኔ ያያል እላለሁ፣ ምክንያቴን ግን ለኋላ አስቀምጫለሁ።